ለደሴው የኔትወርክ ባለሙያ ያለኝ ምስጋና

ደሴ ከተማ፣ ከመኖሪያ ቤቴ ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ውስጥ የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ። ከዋናው ቤት ወደ ቢሮዬ የተዘረጋው የኢንተርኔት መስመር ሁለት ክረምት ሙሉ አስጨንቆኛል፤ ግብር ከፋዮች ሒሳባቸውን እንዳደርስላቸው በሚጣደፉበት በሐምሌ ዝናብ ይመጣል፣ ይጠፋል። ቀደም ሲል የጠራኋቸው ሁለት ሰዎች አንዱ አዲስ ራውተር፣ ሌላው የዋይፋይ ማራዘሚያ አስገዝተውኝ ሄዱ። የሰርቪሷ ግድግዳ ቆርቆሮ በመሆኑና ቆርቆሮ የዋይፋይን ሞገድ ስለሚመልስ፣ ማራዘሚያው እምብዛም አልጠቀመኝም።

በመጨረሻ የመጣልኝ ወጣት ባለሙያ ምንም ግዛ ሳይለኝ ላፕቶፑን በአጭር ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ ፒንግ አደረገ፤ ማለትም መልስ የሚጠይቁ ትንንሽ መልእክቶች ላከ፤ ከላካቸው 100 ውስጥ አንድም አልጠፋም። ቢሮዬ ገብቶ ወደዚያው ራውተር ሲልክም አልጠፋም፤ ዕለቱ ፀሐይ ነበርና። ደክሞ ይሄድብኛል ብዬ ስሰጋ፣ «አብሽሩ ጋሼ፣ ሲደርቅ የሚሠራ ከሆነ እናርጥበዋለን» ብሎ አንድ ጆግ ውሃ ጠየቀ። እኔ ከስክሪኑ ላይ ጮክ ብዬ እያነበብኩለት፣ እሱ መሰላል ላይ ቆሞ ውሃውን በገመዱ ላይ ቀስ እያለ አፈሰሰ። ከአሸንዳው ሥር ሲደርስ መልሱ ቀጥ አለ።

እዚያ ቦታ ላይ ገመዱ ተቆርጦ የተቀጠለ ሲሆን፣ የተጠቀለለበትን ናስትሮ ሲፈታው ውሃ ጠብ አለ፤ መዳቡም አረንጓዴ ሆኗል። ከስምንቱ ሽቦዎች ሁለቱ ፈጽሞ ተበልተው ስለነበር፣ ፍጥነቱ ከ1000 ሜጋ ቢት ወደ 100 የወረደበትን ምክንያትም በዚያው አሳየኝ።

የቀድሞውን አንሥቶ ለደጅ የሚሆን ጥቁር ገመድ ያለ አንዳች ቅጥያ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳለፈ፤ ርቀቱ 40 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ለእንዲህ ያለ ገመድ ከሚፈቀደው 100 ሜትር በእጅጉ ያነሰ ነው። በሁለት ቤቶች መካከል የሚዘረጋ መዳብ የመብረቅን ጉዳት ወደ ዕቃዎች ሊያደርስ እንደሚችል፣ አቅም ሲገኝ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው ፋይበር እንደሚሻልም ሳይሸሽግ ነግሮኛል። የሠራውን ሁሉ ለክቶ ካሳየኝ በኋላ የገመዱንና የአንድ ቀን የጉልበቱን ዋጋ ብቻ ተቀበለ።

ከዚያ ወዲህ በደሴ ዶፍ ውስጥ እንኳ ሥራዬ አልተቋረጠም፤ ከልብ አመሰግነዋለሁ። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እሱን አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣለሁ።