እጅሽ ይባረክ፦ ለአንዲት የድምፅ ባለሙያ ምስጋና

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዲሲና ቨርጂኒያ ያላችሁ። ድግስ የምታስቡ ካላችሁ ይቺን አንብቡልኝ።

እናቴ ከደብረ ታቦር ለጥየቃ መጥታ እኔ ጋ ናት። አንድ ጆሮዋ ደከም ብሏል። በመጣች በወሩ የዘመድ ሰርግ ወሰድኳት። ስፒከሩ ደረት ይደልቃል። ጥጥ ጆሮዋ ውስጥ ወትፋ ትንሽ ታገሰችና መኪና ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። «ዘፋኙ ምን እንዳለ እንኳ አልሰማሁም» አለችኝ። ድምፁን ማን እንደያዘው አልናገርም፤ ሁላችንም እንዲህ ያለ ሰርግ በልተናል።

ስለዚህ ታኮማ ፓርክ ፎክ ፌስቲቫል እንሂድ ስላት ፊቷን ቅጭም አደረገች። ለማታውቁት፣ ይሄ ሜሪላንድ ታኮማ ፓርክ ከተማ ያለ የፎክ፣ ማለትም የባህል ሙዚቃ፣ ፌስቲቫል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የጀመረው ሳም አቦት ኋላ የከተማዋ ከንቲባ ሆኗል። ሥራውን የሚይዙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እኛ ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ስር ሆኖ ስንቶቻችን ነን ሄደን የምናውቀው?

ትንሿ መድረክ ጋ ሄድን፤ ለእማዬ ጥላ ስላለው ነው እንጂ መርጬ አይደለም። አራት ልጆች ወጡ፦ ባንጆ፣ ፊድል፣ ጊታርና ትልቁ የቆመው ቤዝ። በመድረኩ ላይ ያለው ማይክ አንድ ብቻ። እኔ የተረሳ ነገር አለ ብዬ ነበር። ለካ የድሮ የብሉግራስ (ባንጆና ፊድል ያለበት የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) አጨዋወት እንዲህ ነው። ተራው የደረሰው ወደ ማይኩ ጠጋ ይላል፣ የጨረሰው ሸሸት ይላል፣ ለዝማሬው ሁሉም ግንባር ለግንባር ይገጥማሉ። «እስክስታ የሚወርዱ መሰለኝ እኮ» አለች እማዬ።

ፊድሉ ሲጀምር ቀና አለች። «ማሲንቆ አይደል እንዴ? ምነው አገጩ ስር ወሸቀው?» ቫዮሊን ነው፣ አራት ገመድ አለው አልኳት። «አራት! የኛ አዝማሪ በአንዱ አገር ያስለቅስ የለም?» ባንጆ ደግሞ መነሻው በባርነት ከተጋዙ አፍሪካውያን ጋር የመጣ መሆኑን ስነግራት «ታዲያ ክራር ነዋ» ብላ ዘጋችው። ያ የምዕራብ አፍሪካ ነው፣ ክራር አይደለም። ግን አልተከራከርኳትም።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ። ሚክሰሩ (የየማይኩን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉበት መሣሪያ) ጋ ያለችው የድምፅ ባለሙያ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት። መጀመሪያ ያስገረመኝ አንድ ቦታ አለመቀመጧ ነው። ሚክሰሩን ትታ ትነሳለች፣ ከኋላ ሳሩ ላይ ሄዳ ቁጭ ትላለች፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፣ ተመልሳ አንዷን ቁልፍ ትንሽ ዝቅ ታደርጋለች። ዝቅ! ዘፋኟ አልሰማ ስትል እሷን ከፍ ማድረግ ትታ የሌሎቹን ቀነሰች። ባንጆ ፊቱ እንደ ከበሮ የተወጠረ ስለሆነ ማይክ ሲበዛበት ይጮኻል። ለዚህም ስፒከሮቹን ከማይኩ ወደ ፊት አስቀድማ ነው ያቆመቻቸው። ሙሉ ከሰዓት አንዲት ፉጨት አልሰማንም።

እማዬ አንገቷን ወደ ደህናው ጆሮዋ ዘንበል አድርጋ ስትሰማ ባለሙያዋ አየቻትና መጣች። ምንም ሳትጠይቅ አንድ ወንበር አንስታ ሚክሰሩ አጠገብ አስቀመጠችላት። «ድምፁ ከሁሉ የሚያምረው እዚህ ጋ ነው» አለችኝ። እማዬ ከዚያ በኋላ ንቅንቅ አላለችም። ቡና እንኳ አልጠየቀችም። ይሄ ለሚያውቃት ሰው ትልቅ ነገር ነው።

አሜሪካና የሚሉት ነገር ለኛ ጆሮ አዲስ ስም ነው። ፎኩን፣ ካንትሪውን፣ ብሉዙንና መዝሙሩን የቀላቀለ በሉት። ግራሚ ለብቻው ሽልማት የሰጠው እንኳ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ከዚያ ወገን የሆነች አንዲት ጊታር ተጫዋች ብቻዋን ወጥታ ስለ ኤልዛቤት ኮተን አወራች። ኮተን ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ ግራኝ። የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጣ ይዛ፣ ቤዙን በጣቶቿ፣ ዜማውን በአውራ ጣቷ ትጫወት ነበር። እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ በሙዚቃ በሚታወቀው በሲገር ቤተሰብ ቤት ሠራተኛ ሆና ስትኖር ነው ችሎታዋ የታወቀው። መድረክ የወጣችው ስልሳዎቹ ውስጥ ገብታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ግራሚ ወስዳለች። ይሄን ስተረጉምላት እማዬ «በስልሳ ዓመቷ?» ብላ ዝም አለች። ቀጥሎ የተጫወተችው ለስላሳ ጊታር እያንዳንዷ ገመድ ተለይታ ትሰማ ነበር። ደካማ ጆሮ ያለው ሰው አጠገባችሁ ካለ የዚህን ዋጋ ታውቁታላችሁ።

ስንወጣ እማዬ የድምፅ ባለሙያዋን ሁለት እጆች ያዘችና «እጅሽ ይባረክ ልጄ፣ ጆሮሽን አይንሳሽ» ብላ መረቀቻት። አልተረጎምኩላትም፤ ግን ጎንበስ ብላ ተቀበለች።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይሄ ነው። ልደት፣ ክርስትና፣ ትንሽ ሰርግ፣ ክራርና ማሲንቆ ያለበት የማኅበር ዝግጅት ካላችሁ ይቺን ልጅ አናግሯት። ጠይቄያታለሁ፣ ትናንሽ ሥራ ትይዛለች። ስሟንና ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ዋጋውን እሷው ትንገራችሁ። ምን ምን መሣሪያ እንዳለ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ማሲንቆ አይታ አታውቅም፣ ከድግሱ በፊት አንድ ቀን አምጡልኝና ልስማው ብላለች።

ለአምስት መቶ ሰው አዳራሽ ግን አትደውሉላት። ትልልቅ ስፒከር የላትም፣ እንዲኖራትም አትፈልግም።