ካታሊና 30፦ ለዓመታት ተጠቅሜባት፣ ከሸጥኳት በኋላ

ያገለገለች የሸራ ጀልባ ስለመግዛት የሚጠይቁኝ ሀበሾች ብዙ አይደሉም፤ ግን አሉ። ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር ሰው አናፖሊስ ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ናት፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ቼሳፒክ ቤይ የተባለው ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ነው። የኔዋ ጀልባ ካታሊና 30 ነበረች፤ የ1989 ሥሪት። በቅርቡ ሸጥኳት። ገንዘቡ እጄ ስለገባ አሁን የማሞካሸት ግዴታ የለብኝም።

ካታሊና 30 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍራንክ በትለር ያቋቋመው ኩባንያ ሥራ ናት። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከ30 ዓመት በላይ ተመርታለች። ከ6,000 በላይ ተሠርተዋል። ይህ ለባለቤት ትልቅ ነገር ነው። መለዋወጫ አይጠፋም። አንድ ነገር ቢበላሽ ከእናንተ በፊት ብዙ ሰው ገጥሞት፣ መፍትሔውንም አግኝቶለታል። በመኪና ብናስባት ኮሮላ ናት፤ ማንም ዞር ብሎ አያያትም፣ ግን ገዢ አታጣም።

ትልቁ ጥቅሟ ስፋቷ ነው። ርዝመቷ 9 ሜትር ገደማ ሆኖ ወርዷ 3.3 ሜትር ነው። ውስጧ 1.9 ሜትር ከፍታ ስላለው ረጅም ሰው ሳያጎነብስ ይቆማል። ከነልጆቻችን አድረንባታል። በነገራችን ላይ ጀልባዋ እያጋደለች ጀበና መጣድ አይታሰብም። ሮድ ሪቨር የሚባለው ወንዝ ገብተን መልህቅ ከጣልን በኋላ ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሁሉም ይደርሳል። ምድጃው ላይ ቡና ስትቆሉ የጭሱን ማስጠንቀቂያ ማጥፋት እንዳትረሱ፤ ስትጨርሱም መልሳችሁ አብሩት።

በውኃ ላይ ስትሄድ ፈጣን አይደለችም። ንፋስ ከ15 ኖት (በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሲያልፍ ዋናውን ሸራ መቀነስ አለባችሁ። ካልቀነሳችሁ አብዝታ ታጋድላለች፣ መሪውም ይከብዳል። በጊዜ ከተቀነሰላት ግን ጭምት ናት፣ አታስደነግጥም። ከውኃው በታች የምትወርደው 1.6 ሜትር ያህል ነው። ቼሳፒክ ደግሞ ጥልቀቱ በአማካይ 6.4 ሜትር ብቻ ስለሆነ ይህ ልክ ይጠቅማል። ዳር ዳሩ ላይ መሬት መንካት ያለ ነው። ደግነቱ አብዛኛው ጭቃ ነው።

ሰው የማይነግራችሁ ሐምሌና ነሐሴን ነው። ንፋሱ ይጠፋል፣ ወበቁ ይፈላል፣ ውኃው በሚለበልብ ጄሊፊሽ ይሞላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጎድጓድ ይመጣል። በዚያ ወቅት የሸራ ጀልባ የሞተር ጀልባ ናት ማለት ይቻላል። የኔዋ ባለ 23 ፈረስ ጉልበት የናፍጣ ሞተር ነበራት፤ በሰዓት 2 ሊትር ገደማ ትጠጣለች። እውነተኛው ወቅት መስከረምና ጥቅምት ነው። በጥቅምት ከሰሜን በሚነፍሰው ንፋስ ከ1875 ጀምሮ የቆመውን የቶማስ ፖይንት መብራት ቤት አልፎ መሄድ የመርከቢያውን፣ ማለትም ጀልባዋ ታስራ የምትቆምበትን ቦታ፣ ኪራይ ያስረሳል።

ኪራዩ ግን አይረሳችሁም። የጀልባ መግዣ ዋጋ ትንሹ ወጪ ነው። መርከቢያው አለ፣ ኢንሹራንሱ አለ፣ ከሥር የሚቀባው ቀለም አለ፣ ለክረምት ቧንቧዎቹ ውስጥ የሚገባው ፀረ በረዶ ፈሳሽ አለ። ምሰሶውን የሚይዙት የብረት ገመዶችም ዕድሜ አላቸው። ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ይቀየሩ የሚለው የተለመደ ምክር ነው፤ ኢንሹራንሶችም ይጠይቃሉ። እኔ ከመሸጤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀየርኳቸው። ሲሸጥ ይመለሳል ብዬ አልነበረም፣ ምሰሶው ራሴ ላይ እንዳይወድቅ ነው።

አልተመለሰምም። በደንብ የተያዘች ጀልባና እንደነገሩ የተያዘች ጀልባ በማስታወቂያ ላይ ዋጋቸው ብዙ አይራራቅም። ሁለቱም «በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለች» ነው የሚሉት። ልዩነቱ የሚታየው ከሽያጭ በፊት ጀልባዋን የሚፈትሸው ባለሙያ፣ መርማሪው፣ ሲመጣ ነው።

ደላላ ብትይዙ የተለመደው ኮሚሽን 10 በመቶ ነው። ለትንሽ ጀልባ ይህ ስለበዛብኝ ራሴ ሸጥኳት። አንዳንዱ ደውሎ «የመጨረሻ ስንት?» ይላል። ጀልባዋን ሳያይ! እንዲህ ያለውን ተዉት። ቁም ነገረኛው ገዢ መጀመሪያ የጠየቀኝ ፎቶ ሳይሆን የጥገና መዝገቡን ነበር። ዘይት መቼ እንደተቀየረ፣ ማጣሪያው፣ ባትሪው፣ የገመዶቹ ደረሰኝ። ማኅደሩን ከነደረሰኙ ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ዋጋ ላይ የተነጋገርነው ጥቂት ነው።

መርማሪውን የሚከፍለው ገዢው ነው። ጀልባዋ ከውኃ ወጣች። ሰውየው በትንሽ መዶሻ ወለሏን ኳ ኳ እያደረገ ያዳምጥ ጀመር። ፋይበርግላሱ መሃል ያለው እንጨት ውኃ ከጠጣ ድምፁ ይፈዛል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ኪሉ ሄደ፤ ኪል ከጀልባዋ ሥር ወደ ታች የወረደው ከባድ ክንፍ ነው፣ እንዳትገለበጥ ይይዛታል። በዚህ ሞዴል ኪሉና ቀፎው (የጀልባዋ ገላ) የሚገናኙበት ፊተኛው ጫፍ ላይ ስንጥቅ መታየቱ የታወቀ ነው። ባለቤቶች «የካታሊና ፈገግታ» ይሉታል። ብሎኖቹ በልካቸው ጠብቀው ስንጥቁ ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ ከተዘጋ ብዙ ጊዜ የሚያሰጋ አይደለም። የቀደሙት ሥሪቶች ግን ኪሉ በሚታሰርበት ቦታ ውስጥ ጣውላ አላቸው። እሱ ከበሰበሰ ሥራው ከባድ ነው። ስለዚህ ስትገዙ ውስጥ ወለሉ ላይ ያለውን ክዳን ከፍታችሁ ሥሩን እዩ። ደረቅ ከሆነ ብዙ ጥያቄ ይመለሳል።

ሪፖርቱ ላይ የወጡት ጥቃቅን ነገሮች ነበሩ፤ ጊዜው ያለፈበት የአደጋ ጊዜ ርችት (እርዳታ መጥሪያ)፣ የላላ የቱቦ ማሰሪያ። ገዢው ለነዚህ ትንሽ አስቀነሰኝ፣ አልተከራከርኩም። ጎረቤቴ ከኔ በተሻለ ሞዴል ይዞ፣ ምርመራው ወለሉ ውስጥ እርጥበት ስላገኘ፣ ዋጋው ክፉኛ ወረደበት። እሱ እየተደራደረ በነበረበት ጊዜ ሁሉ የመርከቢያው ኪራይ ይቆጥራል። የጥገና ገንዘብ የሚመለሰው እዚህ ጋ ነው። ዋጋውን አይጨምርም፤ ሽያጩ እንዳይፈርስና እንዳይጓተት ያደርጋል።

ለገዢዎች አንድ ነገር ልጨምር። ሜሪላንድ ላይ ጀልባ ስታስመዘግቡ 5 በመቶ ታክስ አለ። ከዋጋው ውጪ ነውና ቀድማችሁ አስቡት። በክረምት ከገዛችሁ ዋጋው ይለሰልሳል፣ ሞተሩ ግን ለብርድ ተዘጋጅቶ የተዘጋ ስለሆነ ውኃ ላይ አውጥታችሁ መሞከር አትችሉም። እንዲህ ከሆነ ከዋጋው የተወሰነ ገንዘብ በሦስተኛ ወገን እጅ ይቆይ፤ ሻጩ የሚረከበው በፀደይ ሞተሩ ተነስቶ ከታየ በኋላ እንደሆነም ውሉ ላይ ይጻፍ።