የምረቃ መጽሔት ለምታሠሩ የድሬ ልጆች፦ ለከዚራው ጋሼ ምስጋና፣ ለእናንተ ጥቆማ

ሰላም የድሬ ልጆች። ምስጋናው ይቅደም፦ ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን የጨረስን ተማሪዎች የመጽሔት ኮሚቴ፣ ሥራውን ከቅጽ ዝግጅት እስከ ርክክብ ይዘው ለጨረሱልን የከዚራ ሰፈሩ የዲዛይን ባለሙያ እጅግ አድርገን እናመሰግናለን። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስምና ስልካቸው አደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁን፣ ለፈለገ ኮሚቴ በውስጥ መስመር እንሰጣለን። የከርሞ ተመራቂዎች ወደ እሳቸው ሂዱ የምንለው ግን ዲዛይናቸው ስላማረ ብቻ አይደለም። ዲዛይን የሚችል ሰው ድሬ ውስጥ ሞልቷል።

የምረቃ መጽሔት ስንል ሁላችንም የምናውቀው አንድ ዓይነት ነው። ጋዋን የለበሰ ፎቶ፣ ከሥሩ ስም፣ ኒክ ኔም፣ ከዚያ «ላስት ወርድ»። ላስት ወርዱ ደግሞ «አራቱ ዓመታት እንደ ህልም አለፉ፣ ብዙ ተምሬያለሁ፣ ሁላችሁንም እወዳችኋለሁ» ነው። ስሙን በጣት ብትሸፍኑት የማን እንደሆነ አይለይም። ጋሼ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አይቀበሉም። በምትኩ ግማሽ ገጽ ቅጽ አላቸው፤ ጥያቄው አራት ነው። 9ኛ ክፍል ስትገባ ብቻህን የማትሠራው፣ አሁን ግን ማንንም ሳትጠይቅ የምትሠራው ምንድን ነው? ሐሳብህን የቀየርክበት ጉዳይ ምንድን ነው፣ ማን አስቀየረህ? የተውከው ልማድ? ገና ያልቻልከው?

ከአራቱ የመጨረሻው ነው ቁም ነገሩ። ሦስቱን ብቻ ብትጠይቁ ሁሉም ሰው ጀግና ሆኖ ይወጣል። አራተኛው ሲታከል ግን «ሒሳብ ላይ አሁንም እጄን አላወጣም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይመጣል፤ እሱ ከገባ በኋላ ከላይ ያለው ሁሉ ይታመናል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ደግሞ «በራስ መተማመኔ ጨምሯል» ብሎ የጻፈ ሰው ወረቀቱ በእርሳስ «መቼ ታየ?» ተብሎበት ይመለስለታል። ሁለተኛ ሲመጣ እንዲህ ይሆናል፦ «9ኛ ክፍል መምህር ሲጠይቀኝ ጓደኛዬ ነበረች የምትመልስልኝ። ዘንድሮ የባዮሎጂውን የቡድን ሥራ ቆሜ ያቀረብኩት እኔ ነኝ።» ጋሼ ከዚህ ላይ አንድም ቃል አይጨምሩም። ፊደል ያርማሉ፣ የተደገመ ይቆርጣሉ፣ በቃ። ቋንቋም አያስቀይሩም፤ በአፋን ኦሮሞ የጻፈ በቁቤ፣ በሶማሊኛ የጻፈም በሶማሊኛ ይወጣለታል። ለሁለቱም ቋንቋውን የሚችል አራሚ ኮሚቴው እንዲያመጣ ያስገድዳሉ።

ቅጹ ሁለት ጊዜ ነው የሚበተነው፤ አንዴ ጥር ላይ፣ አንዴ ሚያዝያ መጨረሻ። የጥር ወሩ ረቂቅ ነው፤ ተማሪው ራሱ ሁለቱን አስተያይቶ የሚታተመውን ይመርጣል። ሰኔ ላይ አንዴ ብንሰበስብስ የሚል ኮሚቴ ይኖራል። አይሆንም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ ብዙው ሰው ብሔራዊ ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው የሚፈተነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ስለ ራስ ማሰቢያ ጊዜ የለም፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰው አይገኝም። ያን ጊዜ የሚሰበሰበው ከቴሌግራም የተገለበጠ ጥቅስ ነው።

የጽሑፉ ጣሪያ 60 ቃል ነው። ይህ ከገጹ ስፋት የመጣ ቁጥር ስለሆነ አትከራከሯቸው። መጽሔቱ ኤ4 ነው፣ በገጽ አራት ተማሪ። ለአንዱ የሚደርሰው ወደ 8.5 በ12 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታውን ፎቶና ስም ይወስዱታል። የቀረው በ10 ነጥብ (ፖይንት) ፊደል ወደ አሥራ ሁለት መስመር ይይዛል። ፊደሉን ወደ 8 አውርዳችሁ 100 ቃል እናስገባ ብትሉ፣ የአማርኛ ፊደል ቁመቱ እኩል ስለሆነ መስመሮቹ ይጣበቁና ገጹ ጥቁር ጡብ ይመስላል። ጋሼ ለ10 ነጥብ ፊደል የመስመር ርቀቱን 14 ያደርጋሉ። ሌሎች ዲዛይነሮች የእንግሊዝኛውን 12 እንዳለ ይተዉታል፤ ያረጁ መጽሔቶችን አውጥታችሁ ብታዩ ዓይን የሚያደክመው ለዚህ ነው።

ከጋዋኑ ፎቶ ጎን አንድ ትንሽ ፎቶ አለች፤ የ9ኛ ክፍል መታወቂያ ላይ የነበረችው። ሐሳቡ የጋሼ ነው። 3 በ4 ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 የምስል ነጥብ) ስካን ከተደረገ በዚያው መጠን ብቻ ነው የሚታተመው፤ ትንሽ ከፍ ለማድረግ 600 ያስፈልጋል። በስልክ አንስታችሁ አትላኩ፤ የመታወቂያው ላስቲክ ያብረቀርቅና ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ ይወጣል። ብዙዎቹ ፎቶዎች ጥግ ላይ የትምህርት ቤቱ ማኅተም አርፎባቸዋል፤ አንዳንዱ ላይ ግማሽ ጉንጭ ሰማያዊ ነው። በፎቶሾፕ ማጥፋት ለእሳቸው የደቂቃ ሥራ ነው፣ ግን አያጠፉትም። የጋዋኑንም ፊት አያነጡም። «ፊልተር አድርጉልኝ» የሚል አይጠፋም፤ መልሳቸው አጭር ነው። የሚያስተካክሉት ብርሃኑን ብቻ ነው፤ ስክሪን ላይ ያማረ ጠይም ፊት ወደ አራቱ የህትመት ቀለማት ሲቀየር ጥቁሩ ይበዛበትና ጭቃ ስለሚመስል፣ መካከለኛውን ብርሃን ቀድመው ከፍ ያደርጉታል።

አሁን ወደ ስም። እዚህ ላይ ነው የድሬ መጽሔት ከአዲስ አበባው የሚከብደው። ስም ዝርዝሩን ከትምህርት ቤት በላቲን ፊደል ተቀብሎ ወደ አማርኛ መገልበጥ ትልቁ የስህተት ምንጭ ነው። ኤክስ የምትባለው ፊደል በቁቤ «ጠ» ናት፣ በሶማሊኛ ግን «ሐ»። ሲ በቁቤ «ጨ» ናት፣ በሶማሊኛ «ዐ»። ስለዚህ በሶማሊኛ የተጻፈ ዐብዲ ቁቤ ብቻ በሚያውቅ ሰው እጅ «ጨብዲ» ሆኖ ይወጣል፤ ጫልቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ በሚያነብ ሰው «ካልቱ»። ጋሼ ስም የሚቀበሉት ከቅጹ ላይ ብቻ ነው፤ ተማሪው በገዛ እጁ በአማርኛም በላቲንም ይጽፋል፣ ይፈርማል።

ቅደም ተከተሉም ወጥመድ አለው። በኮምፒውተር ፊደል ተራ ስታሰልፉት ሠ እና ሰ፣ ሀ እና ኀ፣ አ እና ዐ ለየብቻ ስለሚቆጠሩ፣ ሀይሉ መጀመሪያ ላይ ሆኖ ኃይሉ ከ«ተ» እና ከ«ቸ» በኋላ ይገባል። ሠላምና ሰላም መሃል በረከት ባይገባም ረድኤት ትገባለች። ጋሼ አጻጻፉን አይነኩም፤ የሰው ስም ነውና። ለሰልፉ ብቻ ሌላ ዓምድ ከፍተው ተመሳሳይ ድምፆችን በአንድ ፊደል ይጽፉና በዚያ ያሰልፋሉ። ጽሑፋችሁን በድሮው ግዕዝ ፕሮግራም ተይቦ የሚያመጣ አባል ካለም ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር በአንድ ዓይነት የሚያነበው የፊደል ኮድ) ያልሆነ ፎንት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የተዘበራረቀ ምልክት ነው የሚሆነው። በስልክ የተተየበ ጽሑፍ ይህ ችግር የለበትም።

ስለ ፎቶ ቀን አጠር አድርገን። ከዚራ ዛፍ ሥር እንነሳ የሚለው ምኞት የሁሉም ነው፤ ለጉርድ ፎቶ ግን አይሆንም። በቅጠሉ መሃል የሚወርደው ብርሃን ፊት ላይ ነጠብጣብ ይሠራል። የሚሻለው የትምህርት ቤቱ በረንዳ ነው፦ ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ፊት ወደ ግቢው ዞሮ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 በፊት ወይም ከ10 በኋላ። በቀትር የድሬ ፀሐይ የቆቡ ጠርዝ እስከ አፍንጫ ድረስ ጥላ ይጥላል። ቆቡን ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ገፋ ማድረግም ይረዳል። ፎቶዎቹን በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ይሆናል። ይህ በ300 ዲፒአይ ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ለጉርድ ፎቶ አይከፋም፤ ለጠቅላላው የክፍል ፎቶ ግን፣ ሙሉ ኤ4 ገጽ 2480 በ3508 ስለሚፈልግ፣ ፊቱ ሁሉ ይበተናል።

ጋሼ ማተሚያ ቤት አይደሉም፤ ይህን ልብ በሉ። የሚያስረክቡት ለህትመት ዝግጁ የሆነ ፒዲኤፍ ነው፣ ማተሚያ ቤቱን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ግን ስለ ህትመቱ የሚሰጡት ምክር ከዲዛይኑ እኩል ይጠቅማል። 180 ተመራቂ ቢኖር በገጽ አራት 45 ገጽ ነው፤ መልእክቶች፣ የመምህራን ገጽና የክፍል ፎቶዎች ሲጨመሩ ወደ 60ዎቹ ይጠጋል። በስቴፕል የሚሰፋ መጽሔት የገጹ ቁጥር ለ4 መካፈል አለበት፤ ስለዚህ 62 የሚባል ነገር የለም፣ 60 ወይም 64 ነው። 64 ገጽ በወፍራም አርት ወረቀት ከተሰፋ ደግሞ የመሃሉ ወረቀቶች እስከ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ሲከረከም የገጽ ቁጥርና የጠርዝ ጽሑፍ ይቆረጣል። ጋሼ ከጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ውስጥ ምንም ጽሑፍ አያስቀምጡም፣ ጠርዝ የሚነካ ቀለም ሁሉ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ተርፎ እንዲወጣ ያደርጋሉ። በሙጫ ይጠረዝ ካላችሁ የውስጥ ጠርዙ ወደ 20 ያድጋል፤ የሚያብረቀርቅ አርት ወረቀት ሙጫ አጥብቆ ስለማይይዝም ገጽ እንዳይረግፍ ለውስጡ ያልተቀባ ወረቀት እንድትመርጡ ይመክሯችኋል። ለመቆጠብ የምትፈልጉ ከሆነ የሽፋኑን ላሚኔሽን (ላዩ ላይ የሚለበጠውን ስስ ፕላስቲክ) አታስቀሩ፤ ሌላ ቦታ ቆጥቡ።

ፕሩፍ (ከህትመት በፊት የሚታየው የሙከራ ቅጂ) ሲመጣ ሁለት ሰው ይፈርማል፤ አንዱ ስም ብቻ፣ ሌላው ፎቶ ብቻ ያያል። ሁለቱንም አንድ ሰው ሲያይ ዓይኑ ይከፋፈልና ስህተት ያመልጠዋል። ከፕሩፍ ፊርማ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ተጨማሪ ክፍያ አለው።

የማይመቻችሁ ነገርም ይኖራል። ሽፋን ላይ እሳትና ንስር የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ፤ የእሳቸው ሽፋን ዝም ያለ ነው። አንድን ሰው የሚያሸማቅቅ ኒክ ኔም ባለቤቱ ካልፈረመበት አይገባም፤ «ቀልድ ነው» ማለት አያዋጣም። ስልክ ቁጥርና የሰፈር አድራሻም አያትሙም። ከሰዓት ከ7 እስከ 10 ሱቁ ዝግ ነው። ድሬ ነው፣ ምን ይደረግ! ማታ ስልክ አያነሱም፤ መልእክት ጽፋችሁ ተዉት፣ ጠዋት ይመልሳሉ። ክፍያው ሦስት ጊዜ ነው፦ ሲጀመር፣ ፕሩፍ ሲፈረም፣ ፋይሉን ስትረከቡ። ዋጋው በተማሪ ቁጥር ስለሚለያይ እዚህ አንጽፍም።

ጥቅምት ላይ አናግሯቸው፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ኮሚቴዎች ይቀድሟችኋል። የመጀመሪያ ቀን ስትሄዱ ሦስት ሰው ይበቃል። የየክፍሉን የተማሪ ቁጥር፣ የናቹራልና የሶሻሉን ለይታችሁ፣ ከትምህርት ቤቱ የፈቃድ ደብዳቤ ጋር ያዙ። ሎጎውንም ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት በዋናው ፋይል ጠይቁ፤ ከደብዳቤ ራስጌ ላይ የተቆረጠ ካመጣችሁ ይመልሷችኋል።