ደሴ ፒያሳ የተከታተልኩት የ3 ወር የፊልም ሥልጠና

ደሴ ፒያሳ ከሚገኝ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ቤት በላይ ባለው ፎቅ፣ ቅዳሜና እሑድ የሚሰጠውን የ3 ወር የአጭር ፊልም ሥልጠና በቅርቡ አጠናቅቄአለሁ። በግሉ ፊልም እየሠራ መኖር የሚፈልግ ሰው ቢመዘገብ ይጠቀም እንደሆነ የሚጠይቁኝ ወጣቶች ስለበዙ፣ ያየሁትን በጽሑፍ ማስፈር ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ከሁሉ በላይ የረካሁት በድምፅ ትምህርቱ ነው። አሠልጣኛችን ካሜራ ከማስያዙ በፊት ሁለት ሙሉ ቀን መቅረጸ ድምፅ ብቻ አስይዞ «ሰኞ ገበያ» ወደሚባለው የደሴ ገበያ ላከን፤ የባጃጁ ጡሩምባ፣ የነጋዴው ጥሪና የተዋናዩ ንግግር በአንድ ማይክ ሲደባለቁ ስንት የተለፋበት ትዕይንት ከንቱ እንደሚቀር በጆሯችን ሰማን። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ብርሃኑን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚለዋውጠው፣ ጠዋት የተቀረጸውን ከሰዓት በኋላ ከተቀረጸው ጋር ማስማማትንም የተማርነው እዚያው ደጅ ላይ ነው። ለ14 ሠልጣኞች የነበሩት ካሜራዎች ግን ሁለት ብቻ በመሆናቸው ብዙ ሰዓት በወረፋ አልፏል። ኤዲቲንጉም በችኮላ ተጠናቀቀ።

ዋናው ቅሬታዬ ሌላ ነው። አሠልጣኞቹ የፊልም ዳይሬክተሩን ኃይሌ ገሪማን ደጋግመው በአርአያነት ያነሳሉ፤ ይገባዋልም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣውን «ሳንኮፋ» የተሰኘ ፊልም የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም ሲሉት፣ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ከከተማ ከተማ አዙሮ ለተመልካች ማድረሱ፣ ለረጅም ዓመታትም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሩ አንድም ቀን አልተወሳም። ፊልሙ ካለቀ በኋላ የት እንደሚታይና ማን እንደሚከፍል፣ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠሪው መብት ምን እንደሆነ ሳያውቅ የሚወጣ ሠልጣኝ የመጀመሪያ ሥራውን በቃል ስምምነት አሳልፎ ይሰጣል። እኔ ራሴ ከዚህ በፊት አንድ አጭር ፊልም ያለ ጽሑፍ ውል ለአንድ የዩቲዩብ ቻናል ሰጥቼ ገቢውንም ስሜንም አጥቻለሁና ይህን የምጽፈው በቁጭት ነው።

ቤቱ ሠልጣኞችን በሠርግ ቀረጻ በረዳትነት ማሠማራቱን ግን አደንቃለሁ፤ ከኮምቦልቻ የሚመላለሱ ሁለት ጓደኞቼ የመመረቂያ ፊልማቸውን ወጪ የሸፈኑት በዚሁ ገቢ ነው። ለጀማሪ ክፍያው ያዋጣል እላለሁ። ቀረጻ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የድምፁን ክፍል ለብቻው ከፍሎ መከታተል እንደሚችል ነግረውኛል፤ ከመመዝገቡ በፊት ግን የውልና የሥርጭት ትምህርት በዚህ ዙር ተጨምሮ እንደሆነ ቢጠይቅ መልካም ነው።