ኤምዲካልክ ቬንትሌተር ላይ ላለ ታካሚ፦ ሐዋሳ ላይ ስንጠቀምበት

«ይተርፋል ወይ?» አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) በር ላይ የሚያድር አስታማሚ ሌላ ጥያቄ የለውም። ከሀገረ ሰላም ይምጣ ከዲላ፣ ታካሚው ቬንትሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ከዋለ በኋላ ሐኪሙም ነርሱም የሚሰሙት ይህንኑ ነው። መልስ ፍለጋ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ ስልክ ላይ ያለው ኤምዲካልክ የተባለ የሕክምና ማስያ መተግበሪያ ነው። በነፃ ይወርዳል፣ አካውንት ይጠይቃል፣ ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋም ያሰላል። የላቦራቶሪ ውጤት እጅ ላይ ካለ ሶፋ የተባለውን የሕመም ክብደት ነጥብ ለመሙላት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ስሌቱ አያሳስትም። የሚያሳስተው የምናስገባለት ቁጥር ነው፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ ሳጥኖቹ የማይጠይቁት ነገር አለ።

በውስጡ ካሉት ማስያዎች ለቬንትሌተር ታካሚ የሚከፈቱት ሁለት ናቸው። አፓቺ ቱ በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የ12 ልኬቶችን መጥፎ ቁጥር፣ ዕድሜንና የቆየ ሕመምን ይደምራል፣ አንዴ ተሰልቶ ያበቃል። ሶፋ የ1996ቱ ነው፤ ሳንባን፣ ፕሌትሌትን፣ ጉበትን፣ የደም ግፊትን፣ አንጎልንና ኩላሊትን እያንዳንዳቸውን ከ0 እስከ 4 (4 የባሰው ነው) ይመዝናል፣ ጣሪያው 24 ነው። አንዱን ምረጡ ከተባለ ሶፋን እንመርጣለን፣ ያውም በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚሰላውን። ብራስልስ ውስጥ ተሠርቶ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በመጀመሪያዎቹ 96 ሰዓታት ነጥቡ ከጨመረ፣ መነሻው ስንትም ይሁን፣ ቢያንስ ግማሾቹ ሞተዋል። ባለበት ከቆየ ከ27 እስከ 35 በመቶ፣ ከቀነሰ ደግሞ ከ27 በመቶ በታች። መቶኛዎቹ የዚያ አይሲዩ ስለሆኑ እንዳሉ ለአስታማሚ አይነገሩም። ነጥቡ ወጣ ወይስ ወረደ የሚለው ግን እዚህም ይሠራል።

አሁን ወደ ሳጥኖቹ። የመጀመሪያው ፒኤኦቱ (በደም ቧንቧ ደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ግፊት) ይጠይቃል፤ እሱን የሚለካው የኤቢጂ ማሽን ካርትሪጅ ሲያልቅ ብዙ ሰው እዚሁ ላይ ያቆማል። ማቆም አያስፈልግም። ሳቹሬሽኑ (በጣት መለኪያ የሚነበበው የደም ኦክስጅን መቶኛ) 97 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ሳቹሬሽንን ለኤፍአይኦቱ (ታካሚው በሚስበው አየር ውስጥ ላለው የኦክስጅን ድርሻ) አካፍሉ። ውጤቱ ከ315 በታች ከሆነ፣ ከ300 በታች የሆነ የኤቢጂ ሬሾን (ፒኤኦቱ ለኤፍአይኦቱ ሲካፈል) ይተካል፣ ከ235 በታች ደግሞ ከ200 በታች የሆነውን። ሳቹሬሽን 94፣ ኤፍአይኦቱ 0.5 ቢሆን 188 ይመጣል፤ ታካሚው ቬንትሌተር ላይ ስለሆነ የሳንባ ነጥቡ 3 ነው። ማስያው ሳቹሬሽን ስለማይቀበል ከ188 ላይ 64 ቀንሱ፣ ለ0.84 አካፍሉ፣ በ0.5 አባዙ፤ 74 ይሆናል፣ እሱን ፒኤኦቱ ብላችሁ አስገቡ። ሳቹሬሽኑ ከ97 በላይ ከሆነ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ መጀመሪያ ኦክስጅኑን ቀንሳችሁ ትንሽ ቆዩ። ኤፍአይኦቱም ራሱ ይታይ። ከኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን ከሚለይ ማሽን) በዝቅተኛ ግፊት ኦክስጅን የሚቀበል ቬንትሌተር ላይ ለታካሚው የሚደርሰው ኦክስጅን በፍሰቱና በሚተነፍሰው አየር መጠን ይለያያል፤ የኦክስጅን መለኪያ ከሌለ የምታስገቡት ቁጥር ግምት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው፣ ስለሱ ሲወራ ግን እምብዛም አይሰማም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 620 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ 760። አፓቺ ቱ ኤፍአይኦቱ 0.5ና ከዚያ በላይ ሲሆን በሳንባ ከረጢትና በደም መካከል ያለውን የኦክስጅን ልዩነት ይጠይቃል፣ ይህ ልዩነት ደግሞ በአየር ግፊት ይሰላል። ኤፍአይኦቱ 0.6፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 40፣ ፒኤኦቱ 100 የሆነ ታካሚ ውሰዱ። በ760 ሲሰላ ልዩነቱ 278 ሆኖ 2 ነጥብ ያገኛል፤ በ620 ሲሰላ 194 ነው፣ 0 ነጥብ። ታካሚው አንድ፣ ሳንባው አንድ። ስለዚህ ልዩነቱን ስታሰሉ 620 ብላችሁ አስገቡ። ሶፋ ላይ ከፍታው የሳንባን ነጥብ በጥቂቱ ወደ ላይ ይገፋል፤ በየቀኑ እዚሁ ስለሚለካ ግን ለውጡን አያዛባም።

ጂሲኤስ (ዓይንን፣ ንግግርንና እንቅስቃሴን አይቶ ከ15 የሚሰጥ የንቃተ ሕሊና ነጥብ) ላይ የሚሠራው ስህተት ከሁሉም ይከፋል። ቱቦ የገባለት ሰው ስለማይናገር ንግግሩን 1 ብሎ መሙላት ልማድ ሆኗል። ዓይኑን ገልጦ የሚያይ፣ ትእዛዝ የሚፈጽም፣ በጭንቅላቱ «አዎ» የሚል ታካሚ በዚህ አሞላል 11 ይሆንና ሶፋ 2 ነጥብ ይጭንበታል፣ ያልተጎዳ አንጎል ይዞ። ንግግሩን ከሌላው ሁኔታው ገምቱ። ማደንዘዣ ላይ ከሆነ ከመስጠታችሁ በፊት የተመዘገበውን ጂሲኤስ ተጠቀሙ። ይህ እንዲሆን ቱቦው ከመግባቱ በፊት ጂሲኤስ ካርድ ላይ መጻፍ አለበት።

የደም ግፊት ማንሻው የአድሬናሊን ሳጥንም ሒሳብ ይፈልጋል። 4 ሚሊ ግራም በ500 ሚሊ ሊትር ከተበረዘ በአንድ ሚሊ ሊትር 8 ማይክሮ ግራም አለ። ሚሊ ሊትሩ 20 ጠብታ በሆነ መስመር፣ 50 ኪሎ የሚመዝን ታካሚ በደቂቃ 12 ጠብታ ሲወስድ በኪሎ በደቂቃ ከ0.1 ማይክሮ ግራም በታች ነው፣ 3 ነጥብ። 16 ጠብታ ሲሆን 0.128 ደርሶ 4 ነጥብ ይሆናል። ጠብታው ሌሊት በእጅ ተስተካክሎ ካልተጻፈ የጠዋቱ ሶፋ የሚነግራችሁ ሌላ ታሪክ ነው።

ክሪያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) ላይ የመለኪያ አሃዱን ሳታዩ አትለፉ፤ በማይክሮ ሞል የመጣ 140 በሚሊ ግራም ሳጥን ከገባ ኩላሊቱ 4 ነጥብ ያገኛል፣ ትክክለኛው ግን 1 ነው። ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ጠፍቶ ቢሊሩቢን (የጉበት ምርመራ) ካልተሠራ ሳጥኑ እንደ ጤነኛ 0 ይቆጠራል፤ ውጤቱን «8» ሳይሆን «ቢያንስ 8፣ ቢሊሩቢን የለም» ብላችሁ ጻፉ።

ከኤችአይቪ ውጤት በቀር ላቦራቶሪ የማይፈልገው ዩቪኤ የተባለው ነጥብ በአፍሪካ ሆስፒታሎች ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ ለዋርድ ጥሩ ነው። ቬንትሌተር ላይ ግን የትንፋሹን ቁጥር የሚወስነው ማሽኑ ነው፣ ጂሲኤስ ከ15 በታች ለሆነ ሁሉ ደግሞ እኩል 4 ነጥብ ይሰጣል፤ ታካሚን ከታካሚ አይለይም።

ማስያዎቹ ፈጽሞ የማያውቁት ሰው ደግሞ አለ። የተባይ ማጥፊያ የጠጣ ወጣት ራሱን ስቶ፣ ሳንባው በፈሳሽ ተሞልቶ ይገባል፤ ማርከሻው አትሮፒን ሲጀመርለት የልብ ምቱ 140 ሲደርስ አፓቺ ቱ ለዚያ ብቻ 3 ነጥብ ይጨምርበታል። ምቱን ያፈጠነው ሕክምናው ነው። መርዙ ከወጣለት ከቀናት በኋላ ቱቦው ወጥቶለት በእግሩ ሊሄድ ይችላል። ጊላን ባሬ (ነርቭን አጥቅቶ ጡንቻን የሚያሽመደምድ ሕመም) የያዘው ደግሞ በተቃራኒው ነጥቡ ዝቅ ብሎ ለሳምንታት ማሽን ላይ ይቆያል፤ የሚያሰጋው የሳንባ ምች ነው፣ እሱንም የመጀመሪያው ቀን ነጥብ አያየውም። አልጋና ማሽን ሲያጥር በነጥብ ብቻ ማን ይግባ ማን ይውጣ ማለት እንዲህ ያለውን ወጣት መግደል ነው።

የአልጋው ወረቀት ላይ አምስት ዓምድ ይበቃል፦ ቀን፣ ጠቅላላ ሶፋ፣ የጎደለ ምርመራ፣ ማደንዘዣ አለ ወይስ የለም፣ ከትናንት ጋር ያለው ልዩነት። አስታማሚው ሲጠይቅ የሚታየው የመጨረሻው ዓምድ ነው፤ «ከትናንት ዛሬ ኩላሊቱ ተሻሽሏል፣ ሳንባው ግን ገና ነው» ሊባልለት ይችላል።