«ማስጠንቀቂያዎቻችሁን በሙሉ እናጠፋለን» ለሚሉ ሰዎች ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው፤ ትናንት ማታ ስልኩ ከተዘጋብኝ ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አሮጌ ኮድ ያለው ሰው አዲስ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) ጭኖ ኮምፓይለሩ በሚያወጣው የማስጠንቀቂያ ብዛት ሲደነግጥ የሚደርሱለት፣ «ዜሮ ማስጠንቀቂያ በአንድ ሳምንት» የሚሉት፣ ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ፣ ቀሪውን ደግሞ ንጹሕ ቢልድ (ኮዱ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲገነባ) ባሳዩ ቀን የሚቀበሉት ናቸው።

ለዓመታት ያገለገለኝ፣ የመሣሪያ መዝገቦችን ከፋይል የሚያነብና መልሶ የሚጽፍ አነስተኛ የሲ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) አለኝ። በቀድሞው ኮምፓይለር ያለ ኮሽታ ይገነባ ነበር። ጂሲሲ ወደተባለው ኮምፓይለር አዲስ እትም ስናሻግረው ግን 31 ማስጠንቀቂያዎች ተደረደሩ፤ ሁሉም ስትርንኮፒ የተባለውን፣ ጽሑፍን እስከ ተሰጠው ወሰን ድረስ የሚገለብጥ ፈንክሽን የሚመለከቱ ነበሩ። ጂሲሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ስምንተኛ እትሙ ጀምሮ፣ ስትሪንግ (በሜሞሪ ያለ፣ በዜሮ ባይት የሚያበቃ ጽሑፍ) ሲገለበጥ መጨረሻው ሊቆረጥ የሚችልበትን ቦታ ለይቶ ይጠቁማል፤ «የተሰጠው ወሰን ከመድረሻው መጠን ጋር እኩል ነው» የሚለውን መልእክት ያየ ሰው ስለ ምን እንደማወራ ይገባዋል። ስትርንኮፒ ምንጩ ከወሰኑ ጋር እኩል ወይም ከዚያ የረዘመ ሲሆን የማብቂያውን ዜሮ ባይት አይጽፍም። ከዚያ በኋላ ያንን ስም የሚያነብ ፈንክሽን ዜሮ እስኪያገኝ ድረስ የጎረቤትን ሜሞሪ እያነበበ ይቀጥላል።

ከ31ዱ ሁሉም ስህተት አለመሆናቸውንም አውቅ ነበር፤ እንዲያውም ባለሙያ የቀጠርኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ስትርንኮፒ መጀመሪያውኑ የተሠራው በጥንቱ ዩኒክስ የፋይል ስም እንደሚቀመጥበት 14 ባይት ላለው ዓይነት ቋሚ መስክ ነው፤ እንዲህ ባለው መስክ ውስጥ የማብቂያ ዜሮ አለመኖሩ ጥፋት አይደለም፣ የተረፈው ቦታ በዜሮ መሞላቱም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ከእኔ መስኮች አንዳንዶቹ እንዲህ ናቸው፤ ለእነርሱ የሚገባው መስኩ ስትሪንግ አለመሆኑን ለኮምፓይለሩ የሚናገር ምልክት ማኖር ብቻ ነው። ሌሎቹ ግን እውነተኛ ስትሪንጎች ስለሆኑ፣ ርዝመታቸው መለካትና ካልበቃም ጥሪው ስህተት መመለስ ነበረበት። ሁሉንም ኤስኤንፕሪንትኤፍ በተባለው ሌላ የጽሑፍ መጻፊያ ፈንክሽን ልተካ ቢባልም አይሆንም፤ እርሱ ቀሪውን ቦታ በዜሮ ስለማይሞላ፣ መዝገቡ እንዳለ ወደ ፋይል ሲጻፍ በሜሞሪ የነበረ አሮጌ ውሂብ አብሮ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቦታ በሰው ዐይን መነበብ ነበረበት። እኔ የከፈልኩት ለዚህ ንባብ ነው ብዬ ነበር የማምነው።

የርክክቡ ዕለት ስክሪናቸውን አጋርተው አሳዩኝ። ከመካከላቸው አንድ ልጅ ኮዱን ከመነሻው ገነባው። የፋይሎቹ ስም በተርታ አለፈ፤ ከዚያ በፊት ስክሪኑን ሞልተውት የነበሩት መልእክቶች አንድም አልታዩም። «ዜሮ» አለና ፈገግ አለ። እኔም «እጃችሁ ይባረክ» አልኩ፤ ቀሪውን ገንዘብ የላክሁት ስብሰባው ገና ሳይዘጋ ነበር። የተለወጠውን ኮድ አንዲት መስመር እንኳ ገልጬ አላየሁም። ለ20 ዓመት ኮድ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሌላውን ሥራ ሳልገመግም አላሳልፍም እያልኩ ስመጻደቅ የኖርኩም ነኝ።

በአራተኛው ቀን ከተጠቃሚዎች አንዱ፣ መዝገቡ የማያውቀው ባለቤት እንደተጻፈበት አሳወቀኝ። የባለቤቱ መለያ ቁጥር 207 መሆን ሲገባው 16961 ሆኗል። እንዲህ ያለ ቁጥር በሥርዓታችን ውስጥ የለም። ቁጥሩን ወደ አሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር (ሄክሳዴሲማል) ስቀይረው 4241 ሆነ፤ 41 እና 42 የላቲን ፊደላት «ኤ» እና «ቢ» መለያ ናቸው። የመሣሪያውን ስም ተመለከትኩ፤ 18 ፊደላት ያሉት ሲሆን በ«ኤቢ» ያልቃል። የስሙ መስክ 16 ባይት ነው፤ ወዲያው ቀጥሎ የሚገኘው የባለቤቱ ቁጥር ነው። ሁለቱ ትርፍ ፊደላትና የማብቂያው ዜሮ ከመስኩ ተርፈው ቁጥሩ ላይ ሰፍረዋል።

የቀድሞው ኮድ ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር። ስሙን 16ኛው ባይት ላይ ይቆርጠው ነበር እንጂ ከመስኩ አያስወጣውም። ያን ጊዜ ነው የሠሩትን ለውጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈትኩት፤ ለአንድ ሳምንት ሥራ እጅግ አጭር ነበር። በአራት ቦታ ስትርንኮፒ ወጥቶ ሜምኮፒ ገብቷል፤ ወሰኑ ደግሞ የመድረሻው መጠን መሆኑ ቀርቶ የምንጩ ርዝመት ሲደመር አንድ ሆኗል። ይህ ማለት፣ ዕቃው ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን ሣጥኑን ሳትለካ ክተተው ማለት ነው። ኮምፓይለሩ ዝም ያለው አደጋው ስለጠፋ አይደለም፤ ሜምኮፒ ጥሬ ባይት የሚያዛውር ፈንክሽን ስለሆነ ስለ ስትሪንግ መቆረጥ አይጠየቅበትም። በዚህም አላበቃም። ከሲ ጋር የሚመጣው መደበኛ ላይብረሪ ራሱ ፕሮግራሙ በሚሮጥበት ጊዜ የሚያደርገው ጥበቃ በሁለተኛው ደረጃው ስትርኮፒን (ወሰን የማይቀበለውን የስትርንኮፒ ወንድም) በመስኩ ልክ ይቆጣጠራል፤ ሜምኮፒን ግን የሚቆጣጠረው በጠቅላላው የመዝገብ ልክ ስለሆነ፣ በአንድ መዝገብ ውስጥ ከመስክ ወደ መስክ የሚፈስን ነገር አይይዝም። ተራውን ስትርኮፒ ቢያስገቡልኝ እንኳ ፕሮግራሙ በዚያ ጥበቃ ተይዞ ይቆም ነበር፤ የባለቤቱ ቁጥርም ባልተበላሸ።

የቀሩት 27 የት ሄዱ? ለውጡን ወደ ታች ሳወርድ፣ ፋይሎቹ ሁሉ የሚጋሩት ሄደር ላይ ደረስኩ። አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ አንዲት ፕራግማ ገብታለች፤ ኮምፓይለሩ ይህን ዓይነት ማስጠንቀቂያ እንዳይናገር የምታዝ አንዲት መስመር። ከላይዋም ከታችዋም ምንም ማብራሪያ የለም። እጄን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ ለአፍታ አየኋት። ከዚያ አጠፋኋትና ኮዱን እንደገና ገነባሁት። 27ቱም በየቦታቸው ተመልሰው ተደረደሩ፤ አንዱም አልተነካም፣ የመስመር ቁጥራቸው እንኳ የተለወጠው በጥቂቱ ብቻ ነው። የኮሚቶቹ (በየጊዜው የተመዘገቡት የኮድ ለውጦች) ቅደም ተከተል የቀረውን ነገረኝ። በመጀመሪያው ቀን አራቱን ሞክረዋል፤ በሁለተኛው ቀን ሰልችቷቸው የኮምፓይለሩን አፍ አፍነዋል። በቀሩት አምስት ቀናት አንድም ኮሚት የለም።

ደወልኩ። ያነጋገረኝ ሥራ አስኪያጅ ድምፁ እጅግ የተረጋጋ ነበር፣ ከሁሉም በላይ ያበገነኝም ይኸው መረጋጋቱ ነው። ስለ 16961 ስነግረው አላቋረጠኝም። ስጨርስ እንዲህ አለኝ፦ «ውሉን ከፊትዎ ይዘውታል? የጠየቁን ማስጠንቀቂያው እንዲጠፋ ነው። ጠፍቷል። የፕሮግራሙ ትክክለኛነት የእርስዎ ኃላፊነት ነው።» ያ ፕራግማ ስህተቱን መደበቅ እንጂ ማረም አይደለም አልኩት። «ኮምፓይለሩ የሚናገረው አስተያየት ነው፤ አስተያየትን አለመስማት ይቻላል። ይህን እርስዎን ለመሰለ ባለሙያ ማስረዳት የሚያስፈልግ አልመሰለንም ነበር» አለ። ከኋላው ሰዎች ሲስቁ ሰማሁ። የሚስቁት በእኔ ይሁን በሌላ አላውቅም፤ በእኔ ነው ብዬ ግን እስካሁን እምላለሁ። ስለ ገንዘቡ ሳነሳ መስመሩ ተዘጋ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ ላይ ሞኙም እኔ፣ ወረቀቱን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ውሉን አውጥቼ አየሁት። «ላይብረሪው ያለምንም ማስጠንቀቂያ እንዲገነባ ማድረግ» ይላል፤ ቃሉ የራሴ ነው፣ እነርሱ አንድ ፊደል አልጨመሩበትም። መልእክቱ እንዲጠፋ ስጽፍ ስህተቱም አብሮ እንደሚጠፋ በልቤ ቆጥሬዋለሁ፣ ወረቀቱ ላይ ግን አላሰፈርኩትም። እነርሱም ያነበቡት የተጻፈውን ብቻ ነው። ለአዲስ ተቀጣሪዎቼ «ማስጠንቀቂያ ምልክት ነው፣ በሽታው ሌላ ነው» እያልኩ ስንት ጊዜ እንደ ሰበክሁ ሳስብ ያሳፍረኛል።

ይህን ዓይነት ሥራ የግድ የምታሰጡ ከሆነ፣ በውላችሁ ውስጥ ለእያንዳንዱ ማስጠንቀቂያ የአንድ መስመር ምክንያት ጠይቁ፤ ፕራግማና ማስጠንቀቂያ የሚያፍኑ የኮምፓይለር አማራጮች ያለ ፈቃዳችሁ እንዳይገቡ ጻፉ። ርክክቡን በራሳችሁ ማሽን፣ በራሳችሁ ሜክፋይል (የግንባታ መመሪያ ፋይል)፣ የኮምፓይለሩ ማሻሻያ (ኦፕቲማይዜሽን) እንደበራ አድርጉት፤ ከእነዚህ ማስጠንቀቂያዎች ብዙዎቹ ማሻሻያ ሲጠፋ ስለማይታዩ እርሱም ሌላ የማታለያ በር ነው። ከመክፈላችሁ በፊት 15፣ 16 እና 17 ፊደላት ያሏቸውን ስሞች አስገብታችሁ ሞክሩ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ግን አላደረግሁትም።

አራቱን ሜምኮፒዎች ዛሬ ጠዋት መልሻቸዋለሁ። የተበላሹትን የባለቤት ቁጥሮች ከመጠባበቂያ ቅጂ እየመለስኩ ነው፤ በአራቱ ቀናት ውስጥ የተጻፉትን ግን በእጅ ማጣራት ይኖርብኛል። ፕራግማዋን አጥፍቼ 27ቱንም እያንዳንዳቸውን በራሴ ዐይን እያነበብኩ ነው፤ አሁን ዘጠነኛው ላይ ነኝ።