ከታይዋን ገበያ የተገዛው የሙቀት መለኪያ ለቤት ይበቃል፣ ለመዝገብ ግን ይቸግራል

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የሚሸጠው ይህ አነስተኛ ዲጂታል የሙቀት መለኪያ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሰሌዳና የለካውን ያለ ሽቦ የሚልክ ጥቁር የውጭ ሴንሰር አለው። ቁጥሩ ጎላ ብሎ ይታያል፤ ባትሪውም ቶሎ አያልቅም።

ቅሬታዬ ፀሐይ የሚስበው የሴንሰሩ ጥቁር ቀለምና ከጀርባው ያለው ማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ይጋብዛል፤ የድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ግድግዳ ግን ቀን የጠጣውን ፀሐይ ከመሸ በኋላም ስለሚተፋ፣ የሚነበበው የአየሩ ሳይሆን የግድግዳው ሙቀት ነው። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ላይ 41 ዲግሪ ያሳየው ሴንሰር ነፋስ በሚያገኝ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሲሰቀል ወደ 36 ወርዷል። የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ቴርሞሜትራቸውን ነጭ በተቀባና አየር በሚያስገባ ሣጥን ውስጥ፣ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያኖሩት ለዚሁ ነው። (የሣጥኑ በር ወደ ሰሜን ይዙር የሚለው ምክር ለአውሮፓ ይመቻል እንጂ፣ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ለምታልፍብን ለእኛ አይበቃም።)

ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ሙቀት የሚይዘው ማኅደር በእጅ ካልተሰረዘ አይታደስም። ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት የሚሰርዝ ሰው የዚያን ሰዓት ሐሩር ለነገም ያስቆጥራል፤ ነገ ቀዝቀዝ ቢል እንኳ በመዝገቡ ላይ እንደ ዛሬ የሞቀ ይሆናል። ጠዋት መሰረዝ ይሻላል።

ሁልጊዜ አንድ ዲግሪ የሚያበዛ መሣሪያ ዓመትን ከዓመት ለማነጻጸር ብዙ አያስቸግርም፤ የሚያሳስተው መሃል ላይ የሚለወጥ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የብዙ ጣቢያዎች የመስታወት ቴርሞሜትሮች በኤሌክትሮኒክ ሲተኩ፣ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 0.4 ዲግሪ ያህል ዝቅ፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ ደግሞ 0.3 ያህል ከፍ ብሎ ይመዘገብ ጀመር። በምዕራብ አሜሪካ ተራሮች ባሉ የበረዶ መለኪያ ጣቢያዎችም የሴንሰር ለውጥ የሌሊቱን ሙቀት ከእውነቱ በላይ የጨመረ አስመስሎታል። በረዶውን መለካት ከዚህም ይከብዳል፤ እንደ ጥጥ የሚወርደው በረዶ ነፋስ ሲበረታ የመለኪያውን አፍ አልፎ ስለሚሄድ፣ ግማሹና ከዚያም በላይ ሳይያዝ ሊቀር ይችላል። በመሆኑም በመለኪያው ዙሪያ የነፋስ መከላከያ የተተከለበት ዓመት፣ በረዶው ሳይጨምር የጨመረ ይመስላል።

የዚህ ዕቃ ሴንሰር ሲበላሽ ባለሱቁ በምትኩ የሚያቀርበው ነጭና ክብ የሆነ ሌላ ዓይነት ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን መዝገብ የሚይዝ ሰው አሮጌው ሳይሞት አዲሱን ገዝቶ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅሎ ልዩነታቸውን በበጋም በክረምትም ሊጽፍ ይገባል።